አራት ቱቦና አንድ ክርስትና

ጽናት መጀመሪያ የተዋወቀችው ከእግሩ ጋር ነው። ፊቱን ገና አላየችውማ!

ከሱቋ ስትመለስ የወንድሟ የፈንታ ፒካፕ ግቢው መሐል ቆሟል፤ ከሥሩ ሁለት እግሮች ተዘርግተው ወጥተዋል። ጽናት መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ጋቢና የበግ ጠጉር ባና ስትሸጥ ውላ፣ ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገብቶ፣ ደክሟት ነው የመጣችው። ቤት ውስጥ ደግሞ የወንድሟ ሚስት የትምወርቅ አራስ ናት፤ ጠዋት ፍልጥ አልቋል ሲባል ሰምታለች። ደሟ ፈላ። ጫማውን በጫማዋ ጠለዘችው።

«አንተ ሰነፍ! ሚስትህ አራስ ሆና፣ እሳት የሚነድበት እንጨት ጠፍቶ፣ አንተ እዚህ ተንጋለህ ትተኛለህ? ቆይ እግርህን ይዤ ካልጎተትኩህ!»

ይዛም ጎተተችው።

ተጎትቶ የወጣው ሰው ግን ፈንታ አልነበረም። ፊቱ ጥላሸት የለበሰ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ የሚታይ፣ ከዚህ በፊት አይታው የማታውቀው ወጣት ነው።

«እንጨቱ የት ነው ያለው?» አላት መሬት ላይ እንደተንጋለለ። «እፈልጣለሁ... ግን መጀመሪያ እግሬን ልቀቂልኝ።»

ጽናት እግሩን ጥላ ወደ ቤት በረረች። በሩን ዘግታ ፊቷን በእጇ ሸፍና ቆማ ሳለ ከውጭ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። የምሩን ነው፣ እየፈለጠ ነው! ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ልቧ አንድ ነገር ያላት።

አትናቴዎስ ይባላል። የዘመሮ ከተማ ልጅ ነው። ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ፣ እናቱ አቅም ሲያንሳቸው ወደ አገሩ ተመለሰ። አሁን በየሰው ግቢ እየዞረ መኪና ይጠግናል። የፈንታ ፒካፕ አቀበት ላይ ትንፋሽ እያጠረው ጋቢናው በጢስ መሞላት ስለ ጀመረ ነው የተጠራው።

«ጋሽ ፈንታ፣ ጢሱን ከሞተሩ ተቀብሎ የሚያወጣው ብረት ተሰንጥቋል» አለ ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ። ጽናት በመስኮት እያየች ነው። ሲታጠብ ደግሞ ባሰ!

«በያጅ ልጥራ?»

«ብየዳ አያዛልቅም፤ ሲሞቅ ይለቃል። ሄደር እናስገባለት።»

ሄደር የሚሉት በዚያ በወፍራሙ ብረት ፋንታ የሚታሰር አራት ቀጭን ቱቦ ነው። የሞተሩ ጢስ ሳይጨናነቅ በየራሱ መንገድ ይወጣል። ፈንታ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ለልጁ የክርስትና ቀን እናትና ሕፃኑ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በዚህ መኪና ነው፤ ጢስ ውስጥ ሊያስቀምጣቸው ነው እንዴ?

ጽናትም አላስቻላትም፤ ወጥታ አጠገባቸው ቆመች። አትናቴዎስ ስልኩን አውጥቶ ከደብረ ብርሃን የተላኩለትን ሁለት ፎቶዎች አሳያቸው። አንዱ አጭርና የሚያብለጨልጭ ነው፤ አራቱ ቱቦዎች ወዲያው አንድ ላይ ይገጥማሉ። ሌላው ረጅምና ደብዛዛ ነው፤ አራቱ መጀመሪያ ሁለት፣ ሁለቱ ኋላ አንድ ይሆናሉ።

«ያ የሚያምረው ይሁን» አለ ፈንታ።

«እሱ ለሜዳ ነው። ሞተሩ ካልጮኸ ጉልበት አይሰጥም። እርስዎ ገብስ ጭነው ቀስ ብለው ነው አቀበት የሚወጡት። ረጅሙ ከታች ጀምሮ ይጎትታል።» ከዚያ ስልኩን ወደ ጽናት አዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ጽናት ቱቦውን አላየችም። ያየችው ፎቶው ላይ ቱቦውን የያዘውን እጅ ነው። ቀጭን እጅ... ጥፍሩ ቀይ የተቀባ የሴት እጅ!

«ማናት?» አለች ሳታስበው።

«እ?»

«ረጅሙ ጥሩ ነው ነው ያልኩት!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽናት ሱቋን በጊዜ መዝጋት አመጣች። ደንበኞቿ ጉድ አሉ። አትናቴዎስ የዛጉትን ቡሎኖች ነጭ ጋዝ እያጠጣ፣ አንዱን ሲፈታ ሌላው እየተሰበረበት፣ ቀኑን ሙሉ ኮፈኑ ሥር አጎንብሶ ይውላል። እሷ ሻይ ይዛ ትመጣለች።

«ዛሬስ እግሬን አትጎትቺም?» ይላታል።

«ፍልጥ እስካለ ድረስ አልነካህም።»

«እንግዲያው ፍልጡን ነው የምደብቀው።»

ሁለቱም ይስቃሉ። ደስ ይል ነበር... ስልኩ እስኪጮህ ድረስ።

«አቤት መቅዲ!» ብሎ ያነሳዋል። ከዚያ ወሬ፣ ሳቅ፣ እንደገና ወሬ። መቅደላዊት ትባላለች፤ ደብረ ብርሃን የመለዋወጫ ሱቅ ያላት፣ የፎቶው እጅ ባለቤት። ጽናት የሻይ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ትነጥቀዋለች።

«አልጨረስኩም እኮ!»

«ቀዝቅዟል!» እያለች ትሄዳለች። ትኩስ ነበር።

ሄደሩ በሚኒባስ ተጭኖ መጣ። አትናቴዎስ ሲለካው ግን ፊቱ ጠቆረ። አንደኛው ቱቦ ከመሪው ዘንግ ጋር ይጋጫል። መሪው በቀኝ በኩል ለሆነ መኪና የተሠራ ነበር። ወዲያው ደወለላት። ያው ሳቅ፣ ያው ወሬ።

«ትቀይርልኛለች» አለ ስልኩን ዘግቶ። «ለክርስትናው እንዲደርስ ቅዳሜ ራሷ ይዛው ትመጣለች።»

«ራሷ? ሚኒባሱ ምን ሆነ?»

«ለሥራም ልታናግረኝ ትፈልጋለች። ጋራዥ ልትከፍት ነው። ና አብረን እንሥራ ትለኛለች።»

ጽናት አንድ እርምጃ ቀረበችው። «አንተስ... ትሄዳለህ?»

አትናቴዎስ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እዚህ የሚያስቀረኝ ካለ አልሄድም።»

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ስትሰማ ልቧ በደስታ በቀለጠ ነበር። የጽናት ጆሮ ግን «አብረን» የምትለዋ ቃል ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። አብረን! አብረው ሊሠሩ፣ አብረው ሊበሉ፣ ከዚያስ? እያለች ስትብሰለሰል አመሸች።

ራት ላይ ፈንታ ስለ ልጁ ክርስትና አነሳ። «ክርስትና አባቱ ማን ይሁን? አስቤ አስቤ ሰው አጣሁ።»

«አትናቴዎስ አለልህ አይደል!» አለች ጽናት። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«መካኒኩ?»

«ምን ይወጣለታል? ጨዋ ነው፣ ትሑት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል። አበልጅህ አድርገው። አበልጅ እኮ ዘመድ ነው። በየበዓሉ ይመጣል፣ ልጁን ትቶ አገር ለቆ አይሄድም...»

አያችሁ ቅናት ምን እንደሚያደርግ? ሰውየውን መሐል ሜዳ ላይ ለማሰር ስትል ገመዱን የት ላይ እንደምታስረው አላስተዋለችም። ፈንታ ጭኑን መታ። «እውነትሽን ነው! እንዴት አልታየኝም!»

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ጋ ቆሞ ጠየቀው። አትናቴዎስ የተሰነጠቀውን ብረት ገና መንቀሉ ነበር፤ በሁለት እጁ እንደያዘው ቀረ።

«እኔን?... የማን ሐሳብ ነው?»

«የጽናት ነዋ! እሱን አበልጅ ካላደረግኸው ብላ ሌሊቱን አላስተኛችኝም።»

አትናቴዎስ በር ላይ ወደቆመችው ጽናት ዞረ። ረጅም ጊዜ አያት። እሷ ደስ ብሏት ፈገግ አለችለት። የሱ ፊት ግን እንደ ጠፋ መብራት ነበር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ክብር ነው። እሺ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍልጥና እግር የሚባል ጨዋታ ቀረ። ሻይ ስትሰጠው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ» ይላል። እህቴ! ከየት የመጣች እህት ናት? ጽናት ማታ ማታ ትራሷን እየነከሰች ታለቅሳለች። «ያቺ ባለ ቀይ ጥፍር ናት» ትላለች። «ልቡን የወሰደችው እሷ ናት።»

ቅዳሜ ጠዋት መቅደላዊት መጣች። ጽናት ሐር ጥለት ያለው ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ ነበር የጠበቀቻት። መቅደላዊት ደግሞ የሥራ ቱታ ለብሳ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ አስራ፣ ቱቦውን እንደ ልጅ አቅፋ ወረደች። ቆንጆ ናት። የባሰው ደግሞ ደግ ናት! ለአራሷ ገንፎ የሚሆን ንጹሕ ማር ይዛ መጥታለች። ደግ ሰው ላይ መቅናት እንዴት ያለ መከራ ነው!

ሥራው ተጀመረ። መቅደላዊት ጢስ እንዳያመልጥ መሐል የሚገባውን ስስ ጋስኬት ጠርጋ አስቀመጠች፤ አትናቴዎስ ሄደሩን ከላይ አስገባ። በዚህኛው የመሪው ዘንግ ነፃ ነው። ቡሎኖቹን ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትንሽ እያለ አጠበቀ። እጁን ሲዘረጋ፣ ምን እንደሚፈልግ ሳይናገር፣ መቅደላዊት ትክክለኛውን ቁልፍ መዳፉ ላይ ታስቀምጣለች። ጽናት ወዲያ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከመዳፍ ወደ መዳፍ የሚያልፈውን ቁልፍ ሁሉ ትቆጥራለች።

አትናቴዎስ ውሃ ሊጠጣ ወደ ቤት ሲገባ መቅደላዊት መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«አንቺ ነሽ አይደል ጽናት?»

«ነኝ። ምነው?»

«ስለ ቱቦ ስጠይቀው ስለ አንቺ ነው የሚነግረኝ። ስምሽን ሰልችቼዋለሁ።» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርሽ? ስመጣ እየፈራሁሽ ነው የመጣሁት። ቀንቼብሽ ነበር። ደብረ ብርሃን እያለ ጀምሮ እወደዋለሁ... እሱ ግን አያውቅም።»

ጽናት የቀሚሷን ጥለት ጨብጣ ያዘች።

«ነገ የወንድምሽን ልጅ ክርስትና ያነሳል ሲሉኝ ነው ልቤ ያረፈው። አበልጅ ሆኖ ከዚህ ቤት አያገባም። ሐሳቡን ያመጣሽው ደግሞ አንቺ ነሽ አሉኝ። እንደ ወንድም ነው የምታይው ማለት ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ!»

ተነሥታ ወደ መኪናው ተመለሰች። ጽናት ግን መነሣት አልቻለችም። አበልጅ! በገዛ አፏ፣ በገዛ ምላሷ! ያ የጠፋው ፊቱ፣ ያ «እህቴ»... አሁን ሁሉም ገባት። አልፈልግህም ያለችው እሷ ናት! ነገ ጠዋት ልጁን ከቄሱ እጅ ከተቀበለ ደግሞ በቃ፤ ዕድሜ ልኳን ወንድሟ ሆኖ ይቀራል።

ሞተሩ ሲነሣ ከአዲሶቹ ቱቦዎች ነጭ ጢስ ቦለቀ። ፈንታ ጮኸ።

«ተቃጠለ!»

«አይዞዎት፣ እንዳይዝግ የተቀባው ዘይት ነው፤ ነዶ ያልቃል» አለ አትናቴዎስ። «አቀበት አውጥቼ ላሙቀው። ሲበርድ ቡሎኖቹን ደግሜ አጠብቃለሁ።»

መቅደላዊት እጇን ጠርጋ ወደ ጋቢናው ተራመደች። ጽናት እንዴት እንደሮጠች እንጃ፤ ቀድማት ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው።

«የወንድሜ መኪና ነው!» አለች በመስኮት።

ገብስ የሞሉ ጆንያዎች እንደተጫኑ ወደ ጓሳ ደጋ የሚወጣውን መንገድ ያዙ። ፒካፑ ድሮ እያቃሰተ የሚቆምበትን አቀበት ሳያጉረመርም ወጣው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ጢስ የሚባል የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አትናቴዎስ በደስታ ይዘል ነበር። አሁን መንገዱን ብቻ ያያል።

«ጥሩ ይጎትታል» አለ።

«አዎ።»

«ለነገ አያስቸግርም እህቴ።»

«እህቴ አትበለኝ!»

ደንግጦ መኪናውን አቆመ፤ ሞተሩን አጠፋው። ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ ብቻ ቀረ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ነገ ልጁን አትቀበለው!»

«ሐሳቡ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው! ደንቆሮ ስለሆንኩ ነው! እሷ ወደ ደብረ ብርሃን እንዳትወስድህ ብዬ፣ ዘመድ ካደረግንህ አይሄድም ብዬ...» እንባዋ ድምፅዋን ቆረጠው። «ቀንቼ ነው አትናቴዎስ! ቀንቼ ዓይኔ ታወረ! ያንን ቀይ ጥፍር ካየሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም!»

አትናቴዎስ ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ። «እኔ ደግሞ... አትቅረበኝ ማለትሽ መስሎኝ ነበር። እንደ ወንድም ሁንልኝ ማለትሽ። ለዚህ ነው እሺ ያልኩት። ካላገባሁሽ ቢያንስ በየበዓሉ አይሻለሁ ብዬ።»

«ወይ እኔ!»

«ጽናቴ...» እጁን ዘረጋ፣ ጥላሸቱን አይቶ መለሰው። እሷ ራሷ ያዘችው። ቀሚሷ ጠቆረ፤ ደንታም አልሰጣት።

«እወድሻለሁ» አለ። ከዚያ ፊቱ መልሶ ጨለመ። «ግን ለጋሽ ፈንታ ቃል ሰጥቻለሁ። የክርስትና ቃል። ነገ ጠዋት እኮ ነው! እንዴት ብዬ አልሆንም እላቸዋለሁ? በቤታቸው እየበላሁ እህታቸውን ስመኝ ነበር ልበል?»

«አንተ ምንም አትልም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ።»

ግቢው ሲደርሱ ፈንታና መቅደላዊት በር ላይ ቆመዋል።

«እንዴት ነው?» አለ ፈንታ። «አበልጄ፣ ወጣው?»

ጽናት ወረደች። «ፈንታ፣ አትናቴዎስ ክርስትና አባት አይሆንም።»

«ምን?»

«ሌላ ሰው ፈልግ።»

«ነገ ጠዋት ነው እኮ አንቺ ልጅ! ሰው ምን ይለኛል? ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያልሽውስ አንቺ አይደለሽም? አሁን ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የልጄ ክርስትና አባት የማይሆነው?»

«የአክስቱ ባል ስለሚሆን ነው!»

ጽናት የገዛ ድምፅዋን ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ከውስጥ፣ ከአራሷ አልጋ ላይ፣ የየትምወርቅ እልልታ ቀለጠ።

«ዝም በይ አንቺ ደግሞ!» ብሎ ፈንታ ወደ ውስጥ ጮኸ። ወደ አትናቴዎስ ዞረ። «አንተ! መኪናዬን ሥራ ብዬ ሳስገባህ እህቴን ነው ስታይ የከረምከው?»

አትናቴዎስ አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሽ ፈንታ።»

«ቡሎንህን አጥብቅና ውጣ! ሁለተኛ በዚህ በር ያለ ሽማግሌ ገብተህ እንዳላይህ!»

ቁጣ ይሁን ፈቃድ ለጊዜው ማንም አልለየውም።

መቅደላዊት ቁልፎቿን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኗ መለሰች። ጽናት ምን እንደምትላት አጥታ ቀረበቻት።

«በከንቱ ነው የቀናሁት ብዬ ነበር» አለች መቅደላዊት ቀና ሳትል። «ለካ ልክ ነበርኩ።»

«መቅደላዊት...»

«ተይው። ለጋራዡ መካኒክ አይጠፋም።» ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ጽናት ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችላት። እስከ መናኸሪያው ሣጥኗን ተሸክማ ሸኘቻት።

በማግስቱ ጠዋት ክርስትናውን ጎረቤታቸው ሽማግሌው ጋሽ ወልደ ጻድቅ አነሱ። ማታ ተለምነው «ደስታዬ ነው» ብለው ነበር። ፈንታ መኪናውን ራሱ ነዳ። አትናቴዎስ በእግሩ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ጠበቀ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት እንኳ ፈርቷል።

ሲወጡ የትምወርቅ ቀጥ ብላ ወደሱ ሄደች። «በል ያዘው» አለች ሕፃኑን እየዘረጋች።

አትናቴዎስ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ደበቀ። «ኧረ እኔ አልነካውም! አበልጅ ብሆንስ?»

«አልቋል እኮ! ማዕተቡንም አሰሩለት። አሁን ሺህ ጊዜ ብታቅፈው የማንም አበልጅ አትሆንም!»

ቀስ ብሎ ተቀበለው። ሕፃኑ ጣቱን ጨበጠው። አትናቴዎስ ዓለሙን ረሳ፤ ጽናት አጠገቡ ቆማ ብታስል፣ ነጠላዋን ብታስተካክል፣ ዞር ብሎም አላያት።

«በቃ፣ ስጠኝ!» አለች።

«ቆይ ትንሽ...»

«ስጠኝ አልኩህ! እኔን እንደዚህ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

የትምወርቅ በሳቅ ፈረሰች። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ አትናቴዎስን ያላናገረው ፈንታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሽማግሌዎችህ እነማን ናቸው?» አለ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ።

«ገና አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት» አለ አትናቴዎስ በፍርሃት። «ቅድም እዚሁ በር ላይ ለምኛቸው እሺ አሉኝ።»

«ማን?»

«ጋሽ ወልደ ጻድቅ።»

ፈንታ ዞሮ ሽማግሌውን አየ። እሳቸው በትራቸውን ተደግፈው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«አበልጄን ነው የምትልክብኝ? እንቢ እንዳልል ነው?»

«አዎ» አለ አትናቴዎስ።

ፈንታ ሊቆጣ ሞከረ፤ ግን ሳቁ አመለጠው። ጽናት ሕፃኑን አቅፋ፣ ፊቷን በሕፃኑ ትንሽ ነጠላ ውስጥ ቀብራ አለቀሰች። በቀጣዩ እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ፈንታም አበልጁን «እህቴን ለአትናቴዎስ ሰጥቻለሁ» አላቸው።